መጨረሻ የሚወርደው

«ይሄን ልጅ ተዉት፣ አታናግሩት» አለች የጎረቤት አሮጊት ሻይዋን እያማሰለች። «ከመጣሁ ጀምሮ አንገቱን ቀና አላደረገም። አባት ማለት እንዲህ ነው የሚለቀሰው።»

ቁንጫ እውነትም አንገቱን አላቀናም። ክርኑን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ግንባሩን በአንድ እጁ ደግፎ ተቀምጧል። አልፎ አልፎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ላየው ሰው አንጀት ይበላል። ጎንበስ ብሎ ከስር ያየው ቢኖር ግን አንጀቱን ሳይሆን ጥፊውን ነበር የሚሰጠው። በጭኖቹ መሃል የሟች አባቱ ስልክ ቦግ ብሎ በርቷል። ስልኩ ላይ ስድስት ካርዶች ተደርድረዋል፤ ሦስቱ ከፊት፣ ሦስቱ ከኋላ። ከካርዶቹ በላይ አንዲት ሚጢጢ የአሸዋ ሰዓት ትገለባበጣለች። ተጋጣሚው ገና አልደረደረም ማለት ነው።

ተጋጣሚው ደግሞ ሩቅ አገር የተቀመጠ ባዕድ አልነበረም። እዚያው ለቅሶ ቤት፣ ከፊት ለፊት፣ ከሁለት ሽማግሌዎች መሃል ተሰክቷል። የሰው ፀጉር ሲቆርጥ ኖሮ የራሱ ያለቀበት ፀጉር ቆራጭ ነው፤ ሰፈሩ መላጣው ይለዋል። እሱም ክርኑን ጉልበቱ ላይ ተክሏል። እሱም አንገቱን ደፍቷል። የደፋው አናቱ ላይ የቤቱ አምፖል ፊቱን ያያል።

«እሱስ ብትሉ!» አለች አሮጊቷ። «ጓደኛ እንዲህ ነው እንጂ! ውሃ እንኳን አልቀመሰም።»

ቁንጫ ሳቁን ዋጠ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

«አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» ብላ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው። ካርዶቹ ብዙ ናቸው፤ ከነሱ ስድስት ትመርጣለህ። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሚቆም ትደረድራለህ፣ ትቆልፋለህ። ሁለታችሁም ስትቆልፉ ካርዶቹ ራሳቸው ይዋጋሉ። ከዚያ በኋላ ብትጮህ፣ ብትለምን፣ ስልኩን ብትነቀንቀው የሚሰማህ የለም። ሙያው ያለው ምርጫውና አቀማመጡ ላይ ብቻ ነው።

የቁንጫ አባት ቆልፎ ነው የሞተው።

ጫኝና አውራጅ ነበር። የዚያን ቀን ሥራ መሃል፣ ጆንያ ክምር ላይ ወጥቶ ስድስቱን ደረደረ፣ ቆለፈ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተና ለጓደኞቹ «ዛሬ መላጣውን አስለቅሰዋለሁ!» አላቸው። ከዚያ ትንሽ ልረፍ ብሎ ጋደም አለ። ጋደም እንዳለ ቀረ። ይሄን ያወራው የጫኞቹ አለቃ ነው። ሲያወራ እየሳቀ ጀምሮ መጨረስ ያቅተዋል።

ከዚያ ወዲህ መላጣው አልደረደረም። ጊዜው ሊያልቅ ሲል «ጨምር» የምትለዋን ነገር ይጫናል። ሲያልቅ ደግሞ ይጨምራል። አሁን ግን መጨመሪያዋ አመድ መስላለች፤ ከዚህ በኋላ ጭማሪ የለም። እስከ ማታ ካልቆለፈ ጨዋታው ይሰረዛል። ያሸነፈም የተሸነፈም ሳይኖር፣ ጭራሽ እንዳልተጀመረ ይሆናል።

ቁንጫን እንቅልፍ የነሳው ይሄ ነው። አባቱ አበጋዝ ለመባል አንዲት ድል ቀርታው ነበር። አበጋዝ የሆነ ሰው ከስሙ ጎን ቀይ ጎፈር ይተከልለታል። መላጣው ጎፈሩን ካገኘ ቆይቷል፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ያወራል። ምላጭ ጉሮሮው ላይ እያለ ማን ይከራከራል? አባት ግን አንዲቷ ድል ስታመልጠው፣ ሲያባርራት፣ ስታመልጠው ነው የኖረው።

«ፈሪ!» አለ ቁንጫ በሆዱ፣ የመላጣውን አናት እያየ። «ሙት የሚፈራ አበጋዝ!»

አንድ ነገር ብቻ ይገርመዋል። ስልኩ ሁሌ ሙሉ ነው። እሱ አንድ ቀን ቻርጅ አድርጎት አያውቅም። ከትራሱ ስር ያስቀምጠዋል፣ ጠዋት ሲያነሳው ጠግቦ እንዳደረ በሬ ሙሉ ነው።

አባቱ ከፊደል ጋር ተዋውቆ አያውቅም። የጨዋታው ጽሑፍ ደግሞ የውጭ ነው። ስለዚህ ካርዶቹን በመልካቸው ነበር ስም ያወጣላቸው። መላጣው ቤት፣ መስታወቱ ፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ቤቱን በሳቅ ይንጠው ነበር።

ቀንዳምና ትከሻ ሰፊ የሆነውን አየና «ይሄ እኔ ነኝ። በሬው» አለ።

አፏን ከፍታ ስትጮህ ጠላት በቆመበት ድርቅ የሚልላትን ሴትዮ አየና «እህቴ ቁርጥ! በቀኝ ጆሮዬ የማልሰማው በማን ሆነና!» አለ።

ባለ እንስራዋን፣ የቆሰለ ላይ ውሃ እየረጨች የምታድነውን፣ «ይቺማ ባለቤቴ ናት» አለ። ድምፁን ቀነስ አድርጎ ነበር ያለው፤ ሰው ፊት እንዲህ አይባልም።

የሚራመደውን የዛፍ ግንድ «አሮጌው መኪናችን፤ ካልገፉት አይሄድም» ብሎ ሰየመው። በሁለት እጁ ሁለት ምላጭ የያዘውን ራሰ በራ ተዋጊ ሲያይማ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

«መላጣው! ና ራስህን እይ! እዚህም ገባህ?»

«ይሄን ካርድ በኔ ላይ እንዳታሰልፍ» አለ መላጣው።

«እንዲያውም ከጎኔ ነው የማቆምህ፤ ራስህን ራስህ ትቆርጣለህ።»

መጨረሻ ላይ አንዲት ኢምንት ነገር መጣች። እንደ ፌንጣ የምትዘል፣ ቢላ የያዘች፣ ዓይኗ ተንኮል የሞላ ሰይጣን ቢጤ። አባትየው ዞር ብሎ ልጁን አየ። ልጁ ያን ጊዜ የደንበኛ ኮፍያ ደብቆ በር ላይ ቆሟል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቁንጫ ነው የሚባለው፤ ሲይዙት የለም፣ ሲተዉት ይነክሳል። ካርዷም ቁንጫ ተባለች።

ያን ቀን ቁንጫ ደስ ብሎት ነበር። በኋላ ግን አባቱ የት እንደሚያቆመው አየ። በሬው ከፊት መሃል። መላጣው በቀኙ፣ አሮጌው መኪና በግራው። ከኋላ አክስት፣ መሃል ባለ እንስራዋ፣ ከባለ እንስራዋ ጎን ጥግ ላይ ቁንጫ። ሁሌ እዚያ ነው።

«አባዬ፣ እኔን ምን ሆኜ ነው እናቴ ጓሮ የምትወሽቀኝ? ፊት አውጣኝ! አንተ ስትገፋ እኔ በእግራቸው መሃል ገብቼ...»

«አንተ መጨረሻ ነው የምትወርደው» አለው አባቱ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ቤቱ ሳቀ። መጨረሻ የሚወርደው! ጆንያ ስር ተረስቶ እንደበሰበሰ ድንች! ቁንጫ የሰረቀውን ኮፍያ ወርውሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በራሱ ስልክ ሲጫወት ያቺን ካርድ ሁልጊዜ ከፊት ያቆማት ጀመር። ሁልጊዜ መጀመሪያ ትሞታለች። ቢሆንም ከፊት ናት።

አሁን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ጣቱን በላው። ቢቆልፉም እንኳ፣ ተጋጣሚው እስኪቆልፍ ድረስ የደረደሩትን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ግራ ቀኝ አየ። አሮጊቷ ሻይዋ ላይ ናት። አውራ ጣቱን ቁንጫዋ ላይ አሳረፈና ከጥግ ጎትቶ ፊት መሃል አመጣት። በሬውን ወደ ጥጉ ላከው። ስልኩ «ጧ!» ብሎ ጮኸ። ቁንጫ በችኮላ ሳለ፣ ደጋግሞ ሳለ።

«ደረቱ ሊፈነዳ ነው እኮ!» አለች አሮጊቷ። «ውጭ ወጥቶ አየር ያግኝ።»

በሩ ላይ መላጣውን በዓይኑ ጠቀሰው። መላጣው የራሱን ስልክ በኮቱ እጅጌ ውስጥ አሹልኮ ተከተለው። ጓሮ፣ ልብስ የተሰጣበት ሽቦ ስር ተፋጠጡ።

«ጋሼ፣ ፈርተህ ነው አይደል?»

«ማንን?»

«አባዬን።»

«አንተ ቁንጫ፣ እኔ እኮ አበጋዝ ነኝ።»

«እስቲ ምላጭ ሳትይዝ በለው!»

መላጣው ሊስቅ ነበር፣ አልሆነለትም። አናቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ከቆለፍኩ ያልቃላ» አለ።

«ምኑ?»

«ምኑ ይለኛል እንዴ! ጨዋታው ነዋ። አሁን ስከፍተው እዚያች ጋ ስሙ አለ፤ “እየጠበቀ ነው” ይላል። ሱቄን ስከፍት አየዋለሁ፣ ስዘጋ አየዋለሁ። እየጠበቀኝ ነው። የሚጠብቀኝ ሌላ ሰው ያለኝ ይመስልሃል?»

ቁንጫ አፉ ውስጥ ያዘጋጀው ስድብ ሁሉ ተነነበት። ቢሆንም ቁንጫ ቁንጫ ነው፤ ዝም ብሎ አያውቅም።

«ሲጠብቅህ ደከመው እኮ ጋሼ። ማታ ይሰረዛል። ከተሰረዘ ደግሞ መጠበቁም የለም፣ ስሙም የለም። ወይ አሸንፈው፣ ወይ ተሸነፍለት። እንዴት እንዳልተጫወተ ይሆናል? ቆልፎልህ እኮ ነው የሞተው!»

መላጣው ሽቦው ላይ ያለውን የሟች ሸሚዝ አየ። ከዚያ ስልኩን ከእጅጌው አወጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። የደረደረውን ነክተሃል?»

«እኔ?»

«አንተ። መጫወት የምፈልገው ከሱ ጋር ነው። ካንተ ጋር አይደለም።»

«ኧረ በስመ አብ! ጣቴ ይቆረጥ!» አለ ቁንጫ፣ ጣቱን ኪሱ እየከተተ።

«እንግዲያው ገብቼ እደረድራለሁ። ቀስ ብዬ ነው ታዲያ፤ ለሱ የሚገባውን ነው የማሰልፈው።» መላጣው አናቱን ቀና አድርጎ ገባ። አረማመዱ ምላጭ ስሎ የጨረሰ ሰው አረማመድ ነበር።

ቁንጫ ሊከተለው ሲል ከደጅ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። አሮጌው መኪና ነው። ለቀስተኛው በዝቶ መቀመጫ ጠፍቶ ስለነበር ጫኞቹ አግዳሚ ወንበር ተውሰው መጥተዋል። ያው ቀኑ የሥራ ቀን ስለሆነ መኪናው ላይ የሌላ ሰው ቤት ዕቃም ተጭኗል።

«ና ውጣ አንተ!» አለው አለቃ። «አልቅሰህ እስክትጨርስ አንጠብቅህም። አቀብለን!»

ቁንጫ ዘሎ ወጣ። አግዳሚዎቹ ዳር ዳሩን ነበሩ፣ አንድ በአንድ አወረደ። ሲጨርስ ወደ ውስጥ አየ። ከሹፌሩ ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ በሁለት ፍራሽ መሃል፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ቆሟል። ከፊቱ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ፊት በርሜል፣ ከበርሜሉ ፊት ጆንያ።

«ይሄን ምስኪን ምን አድርጓችሁ ነው ጓሮ የወሸቃችሁት?»

«መጨረሻ ስለሚወርድ ነዋ!» አለ አለቃ።

ቁንጫ ወደ አለቃ ዞረ። «ምን አልክ?»

«መጨረሻ ነው የሚወርደው! የጫኝ ልጅ ሆነህ አታውቅም? እንዲሰበርብህ የማትፈልገውን ዕቃ መጀመሪያ ትጭነዋለህ፣ መጨረሻ ታወርደዋለህ። መንገድ ቢያነጥር፣ ፍሬን ቢያዝ፣ ዝናብ ቢመታ የሚቀምሰው ዳር ያለው ነው። ሌላው ዕቃ ሁሉ ለሱ ግድግዳ ነው። እኛ ከየት አመጣነው? አባትህ ነው እየተሳደበ ያስተማረን! “መጨረሻ የሚወርደው ከተጫረ ጭነቱ በሙሉ ገደል ገባ በሉ” ነበር የሚለው።»

ቁንጫ መስታወቱን አየ። ከብርድ ልብሱ ቀዳዳ የገዛ ዓይኑ አየው።

«መላጣው!» ብሎ ጮኸ።

«መላጣው ምን ሆነ?»

«ሊቆልፍ ነው!»

ከመኪናው ሲዘል አለቃን ሊደፋው ነበር። አግዳሚ በተሸከሙት ስር አልፎ፣ ጫማ ክምር ላይ ተደናቅፎ፣ የሻይ ሰሃን ይዛ የምትወጣን ሴት ዞሮ፣ ቦታው ላይ ዘጭ አለ። ስልኩ ወጣ። የአሸዋዋ ሰዓት ገና ትገለባበጣለች። ፊት ለፊቱ መላጣው ምላሱን በጥርሱ ይዞ ይደረድራል። አንድ... ሁለት... ጣቱ አየር ላይ ያስባል።

ቁንጫ በሬውን ጥግ ላይ ያዘው። እጁን አልቦት ስለነበር ካርዱ አመለጠው። በሱሪው ጠረገ። እንደገና ያዘው፣ ወደ ፊት መሃል። ጧ! ሳለ። ቁንጫዋ ቦታ ስታጣ ወደ ግራ ሸሸች፣ አሮጌውን መኪና ገፋችው።

«አንቺ አመለኛ!» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ማንን ነው?» አለች አሮጊቷ።

«ሞትን ነው እትዬ፣ ሞትን!»

«እውነትክን ነው ልጄ፣ አመለኛ ናት።»

መኪናው ወደ ግራ። ጧ! ባለ እንስራዋ መሃል አለች፣ እሺ። አክስት አለች። ቁንጫዋን በአውራ ጣቱ ጠፍሮ ጥጓ ውስጥ ከተታት። ጧ! ጣቱን ከማንሳቱ የአሸዋዋ ሰዓት ጠፋችና ሁለት ቁልፎች ተገጣጥመው ተዘጉ።

መላጣው ቀና አለ። ቁንጫ ቀና አለ። ተያዩ። ሁለቱም መልሰው አቀረቀሩ።

መጀመሪያ የመላጣው ዘንዶ እሳቱን ተፋ። አሮጌው መኪና ሲነድ፣ ሲነድ ቆየና ተገነደሰ። የሁለት ምላጩ ራሰ በራ ዘሎ ገባ፤ አንዱን ቀስተኛ ቆረጠ፣ ሁለተኛውን ቆረጠ፣ የዘንዶውን ክንፍ ቆረጠ። ከፊት ለፊት መላጣው «አይ አንተ! እኔን በኔ!» ሲል ተሰማ። ሽማግሌው «አይዞህ» አሉት። ራሰ በራው ሁለት ጦር ጎኑ ገብቶበት በጉልበቱ ወደቀ።

በሬው ቆሟል። ዘንዶውን በቀንዱ አንስቶ ፈጠፈጠው። ጦረኞቹን ረገጣቸው። ቆሰለ፤ ባለ እንስራዋ ረጨችው። ቆሰለ፤ ረጨችው። ቁንጫ ጉልበቱ ይዘላል፣ ከንፈሩ ይላወሳል። አሮጊቷ ጸሎት መሰላትና አብራው ማንሾካሾክ ጀመረች።

ያን ጊዜ የመላጣው የመጨረሻ ካርድ ወጣ፤ ብረት የለበሰ ዝሆን። ወደ በሬው መጣ። በሬው አልሸሸም። ሲጋጩ ስልኩ በጁ ውስጥ ነዘረ። በሬው ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ፣ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አደረገ፣ ጆንያ ላይ ጋደም እንደሚል ሰው ጋደም አለ። ደበዘዘ።

ቁንጫ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋው።

አክስትየዋ ጮኸች፤ ዝሆኑ ለአፍታ ደረቀ፣ ከዚያ እግሩን ነቅሎ ረገጣት። ባለ እንስራዋን በኩምቢው መታት። እንስራዋ ተሰነጠቀ፣ ግን አልወደቀችም። ዝሆኑ እንደገና ኩምቢውን አነሳ።

በዚህ ጊዜ ጥጓ ውስጥ አንድ ነገር ቦግ አለ። ቁንጫ ይቺን ካርድ ስንቴ ተጫውቶባታል፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ ስለሚያስገድላት ይሄን አይቶ አያውቅም። ከጎኗ የወደቀው ሁሉ ጉልበቱን ለሷ ነው የሚተወው። ጀርባዋ ላይ የመኪናው ቅርፊት በቀለ። ቢላዋ ሁለት ምላጭ ሆነ። ጉሮሮዋ በአክስትየዋ ጩኸት ተነፋ። መጨረሻ ላይ ግንባሯን ቀድዶ የበሬው ቀንድ ወጣ።

ዘለለች። በዝሆኑ እግር መሃል አይደለም፣ ፊት ለፊት ነው። ብረቱ ተሰነጠቀ። ዝሆኑ ተንገዳገደ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ...

«ወደቀ!» ቁንጫ ከመቀመጫው ተወርውሮ ቆመ። «ወደቀ! ወደቀ!»

የሻይ ማንኪያ ሁሉ ቆመ። ቁንጫ እጁን ሽቅብ እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። አለቀልኝ አለ በሆዱ።

አክስቱ ግን ጥግ ላይ ተነሳች። ያቺ የአባቱን ቀኝ ጆሮ ያደነቆረችው አክስት።

«ወደቀ!» አለች። «እውነትክን ነው ልጄ! ግድግዳው ወደቀ! ወንድሜ ወደቀ!»

«ወደቀ!» አለ ሰዉ ተቀብሎ። ሽማግሌዎቹ ተነሱ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ አግዳሚ የተሸከሙት ጫኞች ደጅ ላይ እንደቆሙ «ወደቀ!» አሉ። ቃሉ ቤቱን ዞረ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ሲዞር ሲዞር ከዝሆኑ ላይ ተነስቶ ሟቹ ላይ አረፈ። ቁንጫ ሰማው። ማን እንደወደቀ ያን ጊዜ ገባው። ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ተከለ፣ አንገቱን ደፋ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ስልኩ ግን መሬት ላይ ወድቆ ነበር።

ፊት ለፊት መላጣው ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ይነፋረቃል። «ብሎ ነበር!» ይላል እየሳቀ፣ እያለቀሰ። «አስለቅሰዋለሁ ብሎ ነበር!»

ለቅሶው በረድ ሲል እናቱ ከወዲያኛው ክፍል መጣች። ስልኩን ከመሬት አነሳችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ከልጇ ጎን ተቀመጠች። አንገቷን ደፋች። ለሚያያቸው ሁለቱም ያለቅሳሉ።

«አሸነፈ?» አለች፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ።

ቁንጫ ዓይኑን አፈጠጠ። ከእናቱ ኪስ የቻርጀር ገመድ ጫፍ ብቅ ብሏል።

«እማዬ... አንቺ ነሽ እንዴ?»

«አሸነፈ ወይ ነው የምልህ።»

«አበጋዝ ሆነ። ሁለት ካርድ ብቻ ነው የቆመው። ባለ እንስራዋና...»

«እሰይ» አለች። «ከእንግዲህ ያ መላጣ አይደነፋብንም።» ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰካች፣ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ስልኩ ነዘረ። ከአባቱ ስም ጎን ቀዩ ጎፈር ተተክሏል። ከስሩ አንዲት ቃል ብልጭ ድርግም ትላለች። ማንበብ አያሻውም፤ ቀለሟን ያውቃታል። እንደገና? ማለት ናት። ቁንጫ ወደ ፊት ለፊት አየ። መላጣው አቀርቅሯል። አናቱ ብቻ ነው የሚታየው።

ቁንጫ ነካት። ስድስት ባዶ ቦታ ተከፈተ።

መጀመሪያ ቁንጫዋን አነሳ፣ ጥጓ ውስጥ አስገባት። ባለ እንስራዋን ከጎኗ። አክስትን። አሮጌውን መኪና በግራ፣ ሁለት ምላጩን በቀኝ። በሬውን ነካ፤ ጣቱ ስር ለአፍታ ይዞት ቆየ። ከዚያ ወዳልተመረጡት ካርዶች መለሰው።

ጨዋታው ቀይ ሆኖ ጠየቀው። አንድ ቦታ ባዶ ነው፣ ፊት መሃል ሰው የለም፣ እንዲሁ ይቆለፍ?

ቁንጫ ቆለፈ።